ማድረቂያው ሲዘገይ ከማሞቂያው በፊት ቱቦውን ይመርምሩ

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። አንሶላና ፎጣ የምናደርቀው ወንድሜ ከጅዳ ባመጣልኝ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ነው። መጀመሪያ አንድ ዙር ልብስ በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርቅ ነበር፤ አሁን ሁለት ጊዜ ደጋግመን ብናስነሳውም ፎጣው ርጥበት ይዞ ይወጣል። የማሽኑ ላይኛው ክፍል እጅ አያስነካም፣ አንዳንዴ መሀል ላይ ይጠፋል፣ ሰሞኑን ደግሞ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ አምጥቷል። አየር የሚወጣበት ቱቦ የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ሲሆን በኮርኒስ ውስጥ ሰባት ሜትር ያህል ሄዶ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ለቢምቢ ብለን ወንፊት አስረንበታል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ማሞቂያው ደክሟል፣ ይቀየር አለኝ፤ መሀል ላይ የሚጠፋውን ደግሞ ‹አቦ፣ ዳይሬክት እናድርገውና ይገላገሉ› ይለኛል። ሐሳቡን ልቀበል? ቱቦውን ራሳችን ማጽዳት እንችላለን? በየስንት ጊዜውስ ነው የሚጸዳው?»

ምላሽ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅዎ ከዚህ በታች የምዘረዝረው እስኪፈጸም ድረስ ማሽኑን እንዳያስነሱት ነው። ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅለው ያስቀምጡት። ችግሩ መዘግየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የጊዜና የመብራት ሒሳብ ሆኖ ይቀር ነበር፤ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ግን በማሽኑ ሆድ ውስጥ የተከማቸ የልብስ ብናኝ ማሞቂያው ላይ አርፎ መጠበስ መጀመሩን ሊያመለክት ስለሚችል በይደር የሚታለፍ አይደለም። በድሬዳዋ ፀሐይ አንሶላ ለመድረቅ ብዙ ስለማይፈጅበት፣ ጥቂት ቀን ገመድ ላይ ቢያሰጡ የእንግዳ ማረፊያዎ ሥራ አይስተጓጎልም።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሰጠዎት ሁለቱም ሐሳቦች የሚመነጩት ከአንድ የተለመደ ግምት ነው፤ ማሽኑ የሚያደርቀው በሙቀት ስለሆነ ካላደረቀ ሙቀቱ አንሷል የሚል ግምት። ሙቀቱ ግን ብቻውን ምንም አያደርቅም። ማሽኑ ከክፍሉ አየር ይስባል፣ አየሩን እኛ ሪዚስታንስ በምንለው ማሞቂያ ላይ ያሳልፈዋል፣ በሚሽከረከረው ከበሮ ውስጥ ልብሱን አቋርጦ ርጥበቱን እንዲሸከም ያደርገዋል፣ ከዚያም በማጣሪያው አሳልፎ በፋኑ ኃይል ወደ ቱቦው ይገፋዋል። ታጥቦ የተጨመቀ አንድ ዙር ልብስ ሁለትና ሦስት ሊትር ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ውኃ እንፋሎት ሆኖ የሚወጣው በዚያ ቱቦ ብቻ ነው። ቱቦው ሲጠብ ከበሮው ውስጥ ያለው አየር ርጥበት ጠግቦ ስለሚቆም ልብሱ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይደርቅም። ማሞቂያው የሚያመነጨውን ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣ በቂ አየር ስለማይኖርም ሙቀቱ እዚያው ይከማቻል፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ይህን ሲያገኝ ማሞቂያውን ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ያበራል፣ መልሶ ያጠፋል። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው «ማሞቂያው ደክሟል» የሚያሰኘው ይህ ቶሎ ቶሎ መጥፋት ነው። ማሞቂያው በእርግጥ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ለብ ብሎ ይቀር ነበር እንጂ ላዩ እጅ አያስነካም አይሉም ነበር። ስለዚህ አዲስ ማሞቂያ ለመግዛት ገንዘብዎን አያውጡ።

«ዳይሬክት» የሚለውን በተመለከተ ቃሌን አላለሰልስም፤ በፍጹም እንዳይፈቅዱ። በፋኑ ወይም በማሞቂያው አጠገብ የሙቀት ፊውዝ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ተበጥሶ ሥራውን ያስቆማል፣ አንዴ ከተበጠሰም በአዲስ ይተካል እንጂ አይመለስም። ከእሱ ሌላ ሲሞቅ የሚያቋርጥና ሲቀዘቅዝ ራሱን የሚመልስ መከላከያ አለ፤ የእርስዎ ማሽን መሀል ላይ ጠፍቶ፣ ጥቂት ቆይቶ የሚነሳ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ያለው ይህኛው ወይም የሞተሩ መከላከያ ነው። እነዚህን ዘልሎ በሽቦ ማገናኘት ማለት ማሽኑ «ሞቄአለሁ» የሚልበትን አንደበት መዝጋት ነው። በከተማችን ፍሪጅም ቦይለርም ምጣድም ሲያስቸግር መቆጣጠሪያውን ዘልሎ ማገናኘት እንደ ጥገና የሚቆጠርበት ልማድ አለ። ልማዱ የትም ቢሆን መጥፎ ነው፤ በማድረቂያ ላይ ደግሞ ከጋለው ሽቦ ጥቂት ሣንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ደረቅ ጥጥ ስላለ ከሁሉ የከፋ ነው። ፊውዙ ተበጥሶ ቢያገኙት እንኳ ላዩ ላይ የተጻፈውን የሙቀትና የአምፔር ልክ የያዘ ተመሳሳይ ዕቃ ይገዛል፤ ከመገጠሙ በፊት ግን ለምን እንደተበጠሰ መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ፊውዝ ያለ ምክንያት የሚበጠሰው እምብዛም ነው። ማሽኑ ሁለተኛ እጅ ከሆነ ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ዳይሬክት አድርጎት ሊሆን ስለሚችል፣ ባለሙያው የኋላ ክዳኑን ከፍቶ እርስዎ ባሉበት በቴስተር እንዲያረጋግጥ ያድርጉ።

ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ነገር አይደለም። ማድረቂያ ማሽን በየቤቱ ባለባት በአሜሪካ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ከተሰበሰበ መረጃ ተነሥቶ እንደገመተው፣ በዓመት ወደ 2,900 የሚጠጋ የመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ከእነዚህ ማሽኖች ይነሳ ነበር፤ ቀዳሚው ምክንያትም 34 በመቶውን የያዘው ማሽኑንና ቱቦውን አለማጽዳት ነው።

አሁን ወደ ቱቦዎ ልምጣ፤ ምክንያቱም እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ማጽዳት ቢሆንም ትልቁ ችግር ያለው በአዘረጋጉ ላይ ነው። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ መሠረት፣ የማሽኑ አምራች ሌላ ልክ ካልሰጠ በቀር፣ 10 ሣንቲ ሜትር ስፋት ያለው የማድረቂያ ቱቦ ከ10 ሜትር ከ70 አይበልጥም፤ ለእያንዳንዱ የቀጥታ ማዕዘን መታጠፊያ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ጎሚቶ፣ ከዚህ ልክ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ይቀነሳል። የእርስዎ ቱቦ አራት መታጠፊያ ስላለው የሚፈቀድለት ርዝመት ወደ 4 ሜትር ከ70 ይወርዳል፤ ያለው ግን ሰባት ሜትር ነው። ይህ ስሌት ደግሞ ውስጡ ለስላሳ ለሆነ የብረት ቱቦ የወጣ ነው። የሚተጣጠፍ ቱቦ ውስጡ ሽክርክሪት ሽንትር ስላለው አየሩን ይጎትተዋል፣ በየሽንትሩም ብናኝ ይይዛል፤ ፕላስቲክ ሲሆን ደግሞ ራሱ ማገዶ ነው፤ ውስጡ የገባውን እሳት ወደ ኮርኒስዎ ያደርሰዋል። ስለዚህ ይህን ቱቦ አጽድተው መልሰው እንዲገጥሙት አልመክርዎትም። ነቅለው ይጣሉት።

የምመክርዎ ማሽኑን ወደ ውጭ ግድግዳ አስጠግተው በአጭሩ ማስወጣት ነው። የሳቢያን ቤቶች ብዙዎቹ በብሎኬት የተሠሩ ስለሆኑ አሥር ሣንቲ ሜትር ቀዳዳ ማስበሳት ከባድ ሥራ አይደለም፤ በብሎኬቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመርና የውኃ ቧንቧ አለማለፉን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። ለላሜራ ሠሪ 10 ሣንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ከጋልቫናይዝድ ወይም ከአሉሚኒየም ላሜራ ያሠሩ። ሁለት ቁራጭ የሚጋጠምበት ቦታ ካለ፣ ከማሽኑ በኩል የመጣው ቁራጭ ወደ ቀጣዩ ውስጥ ይገባል እንጂ በተቃራኒው አይሆንም፤ አለበለዚያ የብረቱ ጠርዝ ብናኝ እየያዘ ያስቀራል። በተመሳሳይ ምክንያት ጫፉ ወደ ውስጥ የሚወጣ ብሎንም ሪቬትም አይመታበትም፤ ላሜራ ሠሪዎች ይህን ሳይጠየቁ ስለሚመቱት አስቀድመው ይንገሯቸው። መጋጠሚያው ከውጭ ሙቀት በሚችል የአሉሚኒየም ፕላስተር ይታሸጋል። ናስትሮ ወይም የጨርቅ ፕላስተር ሙቀቱ ሲደጋገምበት ሙጫው ይለቃል። በማሽኑ በኩል በፋሼታ፣ ማለትም በቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት፣ ያጥብቁት፤ ማሽኑን መልሰው ሲገፉት ቱቦው ከግድግዳው ጋር እንዳይጨፈለቅ ከጀርባው በቂ ክፍተት ይተዉለት፤ ወደ ውጭ በኩልም ጥቂት ዘንበል ይበል። ይህን ዘንበል የምለው በተለይ ሐረር ላሉ አንባቢዎች ስል ነው፤ ሐረር ከድሬዳዋ በብዙ መቶ ሜትሮች ከፍ ያለችና ሌሊቷ የሚቀዘቅዝ በመሆኗ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ብረት ላይ ወደ ውኃነት ይመለሳል፣ ቱቦው ጎበጥ ባለበት ቦታም ይጠራቀማል። ቤታቸው ጁገል ውስጥ፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከሆነ ደግሞ የቤቱ ግድግዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የከተማው አካል ስለሆነ ግድግዳ ከመብሳት ይልቅ የአንዱን መስኮት መስታወት አውጥተው በቦታው ላሜራ በማስገባት ቱቦውን በዚያ ቢያሳልፉ ይሻላል።

ወንፊቱን ያሰራችሁበትን ምክንያት በሚገባ እረዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት በከተማችን ወረርሽኝ ሆኖ ነበር፤ በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የከተማ ቢምቢ ያመጣችው ወባ ብዙ ሰው አስተኝቷል። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ያየ ሁሉ ወንፊት ቢያስርበት አይፈረድበትም። በማድረቂያ ቱቦ ጫፍ ላይ ግን ወንፊት በምንም ምክንያት አይታሰርም። በማሽኑ ማጣሪያ ያለፈው ደቃቅ ብናኝ ወንፊቱ ላይ እየተለጠፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግራጫ ሱፍ የመሰለ መዝጊያ ይሠራል፤ የእርስዎን አሁን ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያይ ሰው ይህንኑ እንደሚያገኝ እጠብቃለሁ። የቢምቢው መፍትሔ በራሷ ክብደት የምትዘጋ፣ አየር ሲገፋት የምትከፈት ቀላል ክዳን ነው። ላሜራ ሠሪው ከስስ አሉሚኒየም ሊሠራልዎ ይችላል፤ ማሽኑ ሲቆም ሙሉ በሙሉ መግጠሟን፣ ሲነሳም ሙሉ በሙሉ መከፈቷን ብቻ ያረጋግጡ። መውጫው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ አንድ ሜትር የራቀ፣ አቧራ ከሚያመጣው ነፋስ ፊቱን ያዞረ ይሁን።

የመስመሩን ለውጥ ለጊዜው ማድረግ የማይችሉ ከሆነ፣ ወይም ከለወጡ በኋላ ለሚመጣው ጊዜ፣ ማጽዳቱን በራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ስፒናው ይነቀል፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ማሽኑ ሠርቶ ከነበረ እስኪበርድ ይጠበቅ። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ካለ ቆርቆሮው ሳይግል ማልዶ ይውጣ፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ በድሬዳዋ ቆርቆሮ ላይ መንበርከክ ለሠራተኛ የሚታዘዝ ሥራ አይደለም። መሰላሉን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ይኑር፣ የቆዳ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይደረግ፤ የረጋ መውጫ ተርብና ወፍ ስለሚወዱት እጅ ከመስደድ በፊት በባትሪ ይታይ።

ማሽኑን ከግድግዳው ስበው፣ ፋሼታውን ፈትተው ቱቦውን ከጀርባው ያላቁ። የመጀመሪያውን ጎሚቶ በባትሪ ሲያዩት፣ በመታጠፊያው ውጭኛ በኩል የተደራረበ፣ ሲነኩት ለስላሳ፣ ሲቆነጥሩት እንደ ተጠቀጠቀ ሱፍ ተያይዞ የሚመጣ ግራጫ ንብብር ያገኛሉ። እሱን በእጅ ያውጡት። ለቀሪው ርዝመት ረጅም ዘንግ ያለው ክብ ብሩሽ ይሻላል። በገበያ ላይ ባያገኙ በሁለት በኩል ረጅም ገመድ የታሰረበት፣ ቱቦውን ሞልቶ ሳይጣበቅ የሚያልፍ የጨርቅ ጥቅል ያዘጋጁ፤ ገመዱን ቀድመው በቱቦው አሳልፈው አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ሆኖ ወዲያና ወዲህ ይሳቡት። ሁለት ገመድ ያልኩት ጥቅሉ መሀል ላይ ቢያዝ መልሶ ለማውጣት ነው። በመሰርሰሪያ ማሽን የሚዞር ብሩሽ ያለው ሰው ወደ ቀኝ ብቻ ያዙረው፤ ወደ ግራ ከዞረ የተቀጣጠሉት ዘንጎች ተፈትተው ብሩሹ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። የሚተጣጠፍ ስስ ቱቦ ግን በብሩሽ አይጸዳም፤ ይቀደዳል፣ ይተካል።

በውኃ የሚያጥቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቱቦው ከቦታው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ ከተመለሰ ችግር የለውም፤ በቦታው እንዳለ ውኃ መልቀቅ ግን ብናኙን ሊጥ ያደርገዋል፣ ሊጡም ሲደርቅ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ ወይም ቲነር የሚባል ነገር ወደ ሥራው እንዳይቀርብ። ከጎማ ጠጋኝ ኮምፕሬሰር ተውሶ መንፋትም የሚያዋጣው ቱቦው ከማሽኑ ከተለየና አየሩ ወደ ውጭ ብቻ ከተነፋ ነው፤ ወደ ማሽኑ የተነፋ እንደሆነ ብናኙን በቀጥታ ማሞቂያው ላይ ያስቀምጠዋል።

በእርስዎ ሁኔታ ቱቦውን ማጽዳት አይበቃም፤ የማሽኑ ውስጥም መከፈት አለበት፤ ይህኛው ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ሽታው የመጣው ከዚያ ሊሆን ስለሚችል የከበሮው ዙሪያ፣ የፋኑ ክንፎች፣ የማሞቂያው ሳጥንና የሞተሩ አካባቢ በለስላሳ ብሩሽና በቫኪዩም መጸዳት አለባቸው። የጠቆሩ ወይም የቀለጡ የሽቦ ጫፎች ከተገኙ ይተካሉ። ስፒናውንና ሶኬቱንም ይዩአቸው፤ ጠይም የሆነ ወይም የለሰለሰ ፕላስቲክ ካለ ልብስ የሚቃጠል የመሰለዎት ሽታ በከፊል ከዚያ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ማሽን በራሱ መስመርና በራሱ ብሬከር መሥራት አለበት፤ በማከፋፈያ ገመድ ላይ ከውኃ ማሞቂያ ጋር አይጣመርም።

ከጅዳ የመጣ መሆኑ አንድ ተጨማሪ ነገር እንዳነሳ ያስገድደኛል። የሳውዲ መብራት 60 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ፣ ሲሆን የእኛ 50 ኸርዝ ነው። ከማሽኑ ጀርባ ወይም ከበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ያለውን የብረት ወይም የወረቀት መለያ ያንብቡ፤ «50/60» ካለ ወይም «50» ካለ ምንም አይደለም። «60» ብቻ ካለ ግን ተራ ሞተር ያለው ማሽን እዚህ የሚዞረው ከተሠራለት ፍጥነት ወደ አምስት ስድስተኛው ነው፤ ፋኑን የሚያዞረውም ያው ሞተር ስለሆነ የሚገፋው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ማሞቂያው ግን ለኸርዝ ደንታ ስለሌለው ሙሉ ሙቀቱን ይሰጣል። ሙቀቱ እንዳለ፣ አየሩ ያነሰ ማሽን ማለት ነው። ማሽንዎ መጀመሪያ ላይ በደንብ ይሠራ ስለነበር የአሁኑን መዘግየት ያመጣው ይህ ነው አልልም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ማሽን ረጅም ቱቦን የሚቋቋምበት ትርፍ ጉልበት ስለሌለው ቱቦውን ማሳጠሩ ለእርስዎ ከሌላው ሰው ይልቅ ግዴታ ይሆናል። ከዱባይ ወይም ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ በአብዛኛው 50 ኸርዝ ስለሆነ ይህ ሥጋት የለበትም።

ክፍሉንም ይመልከቱ። ማሽኑ የሚያስወጣውን ያህል አየር ከክፍሉ መሳብ አለበት፤ የቤት ማድረቂያ በደቂቃ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ኩብ አየር ያንቀሳቅሳል። በደረጃ ሥር ባለ፣ መስኮት በሌለው ዕቃ ቤት በር ተዘግቶበት የሚሠራ ማሽን ቱቦው ንጹሕ ቢሆንም ይታፈናል። በሩ ላይ ከታች አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያስወጡለት።

ሁሉም ሲያልቅ ፈተናው ይህ ነው። የታወቀ መጠን ያላቸውን እርጥብ ፎጣዎች ጨምረው ማሽኑን ያስነሱና አንድ ሰው ውጭ መውጫው ጋ ይቁም። ክዳኗ ወዲያው ሙሉ በሙሉ መከፈት አለባት፤ በእጅ ሲዳሰስ አየሩ ጠንካራ፣ ሞቃትና ርጥበት ያለው መሆን አለበት። ሙቀት ኖሮ ግፊት ከሌለ መዘጋት አሁንም አለ። ጥርጣሬ ከቀረ ቱቦውን ከማሽኑ ለይተው፣ መስኮትና በር ከፍተው፣ አጠገቡ ሰው ቆሞ ለሃያ ደቂቃ ያህል ያለ ቱቦ ያሠሩት። ያን ጊዜ በፍጥነት እያደረቀ ከሆነ ጥፋቱ የቱቦው ነው፤ ያን ጊዜም ከዘገየ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ይህ ሙከራ ለኤሌክትሪክ ማሽን ብቻ የሚሆን ነው። በጋዝ የሚሠራ ማድረቂያ ያለው ሰው፣ የሚወጣው አየር ሽታ የሌለውን ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊይዝ ስለሚችል ያለ ቱቦ ለአንድ ደቂቃም ማስነሳት የለበትም።

እንደ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ለሠራተኞችዎ ማስጠንቀቅ ያለብዎ ሌላም ነገር አለ፤ ከወጥ ቤት የሚመጣ ዘይት የነካው ጨርቅ። ታጥቦም ቢሆን ከክሩ ውስጥ የሚቀር ዘይት አለ፤ እንደ ኑግ፣ እንደ ሱፍ፣ ከሁሉም በላይ እንደ ተልባ ያለ ዘይት ከአየር ጋር ሲዋሐድ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ከማድረቂያ ወጥቶ በሙቀቱ የተከመረ ጨርቅ ይህን ሙቀት ማስወጣት ስለማይችል ማሽኑ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላም ሊቀጣጠል ይችላል። የወጥ ቤት ጨርቅ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ቅቤ የነካው የትራስ ልብስ እንደ ዘይቱ አያሰጋም፤ ነገር ግን ማጣሪያውን ይለብጠዋል። ቤንዚን ወይም ቲነር የነካው ልብስ ወደ ማሽኑ ጨርሶ አይገባም።

መብራት መሀል ላይ ሲጠፋም ዝም ብሎ መብራቱን መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ማሽኑ በደህናው ጊዜ ከመቆሙ በፊት ያለ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ዞሮ ልብሱን ያበርዳል፤ መብራት ሲሄድ ግን የጋለው ልብስ ከጋለው ማሞቂያ አጠገብ ቆሞ ይቀራል። በሩ ይከፈት፣ ልብሱ ወጥቶ ይዘርጋ፣ ስፒናው ይነቀል። ሌሊት ሁሉም ሰው ተኝቶ ሳለ ወይም ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ማሽኑን አስነስቶ መሄድም ይቅር። እሳት ወይም ጢስ ከታየ የማሽኑ በር አይከፈትም፤ ብሬከሩ ይውረድ፣ እንግዶች ይውጡ፣ የእሳት አደጋ ይጠራ። በልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በር አጠገብ የዱቄት ማጥፊያ ቢሰቀል ጥሩ ነው።

በየስንት ጊዜው ለሚለው፣ ማጣሪያው ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ በእጅ ይጸዳል፤ ይህ ምንም ድርድር የለውም። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ማጣሪያው በለብ ያለ ውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ። የድሬዳዋ ውኃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ከዱቄት ሳሙናና ከማለስለሻ ጋር ተደምሮ ለዓይን የማይታይ ሽፋን ይሠራበታል፤ ማጣሪያውን በቧንቧ ሥር ይዘው ውኃው ቶሎ ሳያልፍ ላዩ ላይ ከቋጠረ መታጠብ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይኸው ሽፋን በከበሮው አፍ ላይ ባሉት ሁለት ትንንሽ የብረት ዘንጎች ላይም ያርፋል፤ እነሱ የርጥበት መለኪያ ስለሆኑ በኮምጣጤ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጉ፣ አለበለዚያ ማሽኑ እርጥቡን ልብስ ደርቋል ብሎ ይቆማል። ቱቦውን በተመለከተ ለተራ ቤተሰብ የሚመከረው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የእርስዎ ግን በየቀኑ ፎጣ የሚያደርቅ ስለሆነ አዲሱ ቱቦ ከተገጠመ ከሁለት ወር በኋላ ይክፈቱት፤ ፎጣ ከሁሉም ልብስ የበለጠ ብናኝ ያወጣል። የከፈቱበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፈው ማሽኑ ጎን ይለጥፉ፤ ከቱቦው የወጣው ብናኝ አንድ እፍኝ የማይሞላ ከሆነ የሚቀጥለውን ወደ አራት ወር ያርቁት፣ ከእፍኝ ካለፈ ወደ አንድ ወር ያቅርቡት።